ፎጣው ሳይጸዳ መኪናው አይጸዳም፦ የመኪና መወልወያ ፎጣና የፖሊሽ ስፖንጅ አስተጣጠብና አያያዝ

እንጅባራ፦ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው ዋና መንገድ የእንጅባራን ከተማ ያቋርጣል። ወደ ቻግኒ የሚወስደው መንገድም የሚገነጠለው ከዚሁ ነው። እንደ ሌሎች የመንገድ ዳር ከተሞች ሁሉ እዚህም የተሽከርካሪ እጥበት ለወጣቶች የእለት እንጀራ፣ ለባለንብረቶች ደግሞ የሀብት መጠበቂያ ነው።

ወደ ላቫጆ የገባ ደንበኛ የሚያየው ውኃውንና አረፋውን ነው። የመኪናውን ቀለም የሚያስውበው ወይም የሚያበላሸው ግን በመጨረሻ ላይ የሚያርፍበት ፎጣ ነው። ታጥቦ የተመለሰ መኪና ፀሐይ ሲያርፍበት በኮፈኑ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጫጭን ጭረት የሚታየው፣ አብዛኛውን ጊዜ ባልጸዳ ፎጣ ወይም ስፖንጅ በመወልወሉ ነው። ቀለሙ የደበዘዘ ተሽከርካሪ ለሽያጭ ሲቀርብ ዋጋው ይወርዳል። አጣቢውም ደንበኛውን ያጣል፣ አንዳንዴም ካሳ ይጠየቃል። ስለዚህ የፎጣና የስፖንጅ አያያዝ የገንዘብ ጉዳይ ነው።

ማይክሮፋይበር ምንድን ነው?

በየሱቁ "ማይክሮፋይበር" ተብሎ የሚሸጠው ፎጣ ከጥጥ የተሠራ አይደለም። ፖሊስተርና ናይለን ከተባሉ ሰው ሠራሽ ክሮች የሚሠራ ሲሆን፣ የተለመደው ድርሻ 80 በመቶ ፖሊስተርና 20 በመቶ ናይለን ወይም 70 በመቶ በ30 በመቶ ነው። ክሩ እጅግ ቀጭን ነው፤ 9 ሺህ ሜትር የሚረዝም አንድ ክር ቢመዘን ከ1 ግራም በታች ነው። ቴክኖሎጂው በስፋት የታወቀው የጃፓኑ ቶሬይ ኩባንያ ተመራማሪ ሚዮሺ ኦካሞቶ እ.ኤ.አ በ1970 ቆዳ መሰል ጨርቅ ከሠሩበት በኋላ ነው። ለጽዳት ሥራ የዋለው ደግሞ ከዚያ ቆየት ብሎ ነው።

ለጽዳት የሚሆነው ክር በሥራ ጊዜ ተሰንጥቆ ጠርዝ እንዲያወጣ ይደረጋል። ቆሻሻው የሚያዘው በእነዚህ ጠርዞች መካከል ባለው ክፍተት ነው። ውኃም ወደ ክፍተቱ ተስቦ ይገባል። የፎጣው ጥንካሬም ድክመትም ከዚሁ ይመነጫል፤ ቆሻሻን አጥብቆ ስለሚይዝ በደንብ ያጸዳል፣ አጥብቆ ስለያዘም በቀላሉ አይለቅም። ክፍተቶቹ በሰም፣ በዘይት ወይም በሳሙና ቅሪት ሲደፈኑ ፎጣው ውኃ መምጠጡን ትቶ ውኃውን መግፋት ይጀምራል።

እውነተኛውን ከአስመሳዩ ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ጠረጴዛ ላይ ጥቂት ውኃ አፍስሶ ፎጣውን ማሳለፍ ነው። ጥሩው ውኃውን መጥጦ ደረቅ ገጽ ይተዋል፤ ደካማው ውኃውን ወደ ፊት ይገፋዋል። ጥሩው ፎጣ ደረቅና ሻካራ እጅ ላይ ሲደረግም ቆዳን ያዝ ያዝ ያደርጋል።

ጭረቱ ከየት ይመጣል?

በዘመናዊ መኪና ከቀለሙ በላይ ግልጽ ሽፋን አለ። ውፍረቱ በአብዛኛው ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ይህም ከደብተር ወረቀት የሳሳ ማለት ነው። በፖሊሽ ማሽን በተሠራ ቁጥር ከዚህ ሽፋን ጥቂት ይነሳል። ጭረትን በየጊዜው በፖሊሽ ማጥፋት ስለዚህ ማለቂያ ያለው መፍትሔ ነው፤ የሚበጀው ጭረቱ እንዳይፈጠር መከላከል ነው።

የአዊ ምድር በእሳተ ገሞራ የተሠራ ነው፤ የዘንገናና የጥርባ ሐይቆችም ለዚሁ ምስክር ናቸው። ለመንገድ ሥራ የሚውለው፣ በተለምዶ ሬድ አሽ የሚባለው ቀይ ጠጠር ሲፈጭ ጠርዙ ስለታም የሆነ ብናኝ ይሆናል። ብናኙ ከግልጹ ሽፋን የጠነከረ ነው። በክረምት ደግሞ ቀዩ ጭቃ ከተሽከርካሪው ስር ተለጥፎ ይደርቃል። በፋግታ ለኮማ ከዲከረንስ ዛፍ የሚመረተውን ከሰል የሚያመላልሱ አይሱዙዎች ደግሞ ደቃቅ የከሰል ብናኝ ይይዛሉ። እነዚህ ሁሉ ፎጣ ውስጥ ሲገቡ ፎጣው የብርጭቆ ወረቀት ይሆናል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ፣ ጭቃውን በብዙ ውኃ ሳያወርዱ በፎጣ አለመንካት ነው። ሁለተኛው፣ መሬት ላይ የወደቀ ፎጣ ሳይታጠብ ወደ ቀለሙ አለመመለስ ነው። አራግፎ መቀጠል አይበቃም።

ከመታጠቡ በፊት መለየት

ፎጣዎች የሚለዩት ሲታጠቡ ብቻ አይደለም፤ ገና ሲገዙ ነው። በቀለም መለየት ሠራተኛን ከስህተት ያድናል። ለምሳሌ ሰማያዊው ለውጭ ቀለም፣ አረንጓዴው ለመስታወት፣ ቢጫው ለውስጥ ክፍል፣ ግራጫው ለቸርኬና ለሞተር ሊሆን ይችላል። የትኛው ቀለም ለየትኛው እንደሚሆን ባለሙያው ይወስን፤ ዋናው ነገር ሳይቀያየር መጠበቁ ነው።

የቸርኬ ፎጣ ከፍሬን ሸራ የሚወጣ የብረት ብናኝ ይይዛል። የሞተር ፎጣ ዘይትና ግሪስ ይይዛል። ሁለቱም ከቀለም ፎጣ ጋር በአንድ ሳፋ ሊገቡ አይገባም። ከጥጥ ልብስ ጋር ማጠብም ጥሩ አይደለም፤ የጥጡ ቃጫ በማይክሮፋይበሩ ጠርዝ ተይዞ ይቀራል፣ በኋላም መስታወት ላይ ይራገፋል። አዲስ ፎጣ ጠርዙ ላይ የተሰፋ ጠንካራ ምልክት ካለው ተቆርጦ ይነሳ፤ እርሱም ይጭራል።

አስተጣጠቡ በቅደም ተከተል

1. ፎጣው በደረቁ በደንብ ይራገፍ፤ ከዚያም በቀዝቃዛ ውኃ ይለቅለቅ። ሥራው ካለቀ በኋላ ሳይቆይ ቢታጠብ ይመረጣል። ፖሊሽና ሰም ክሩ ላይ ከደረቀ ለማስለቀቅ ያስቸግራል።

2. ለብ ያለ ውኃ ይዘጋጅ። 40 ዲግሪ ገደማ በቂ ነው። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ቴርሞሜትር ለሌለው ሰው አንድ እጅ የፈላ ውኃ ከሁለት እጅ ቀዝቃዛ ውኃ ጋር መቀላቀል ወደሚፈለገው ሙቀት ያደርሳል።

3. ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ይጨመር። የዱቄት ሳሙና ከሆነ አስቀድሞ ፍጹም እስኪሟሟ ይበጥበጥ፤ ያልሟሟ ቅንጣት ክር ውስጥ ይቀራልና። ሳሙና ማብዛት ማጽዳትን አያበዛም፤ ማለቅለቁን ብቻ ያረዝማል።

4. ፎጣው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ተዘፍዝፎ በእጅ ቀስ ተብሎ ይታሽ። ዘይት የነካው ቦታ ላይ ሳሙናው ሳይቀጥን ተቀብቶ ጥቂት ይቆይ።

5. ውኃው እስኪጠራና አረፋው እስኪጠፋ ይለቅለቅ። በእጥበት ማሽን የሚያጥብ ሰው አንድ ተጨማሪ ማለቅለቂያ ዙር ቢያክል ይጠቅማል።

6. ውኃው ጨው የሚበዛበት ከሆነና ፎጣው ከደረቀ በኋላ የሚደርቅበት ከሆነ፣ በመጨረሻው ማለቅለቂያ አንድ ባልዲ ውኃ ላይ ግማሽ ስኒ ነጭ ኮምጣጤ መጨመር ቅሪቱን ያሟሟል።

ሊደረጉ የማይገቡ ነገሮች

የልብስ ማለስለሻ አይጨመር። ማለስለሻው ክሩን በስስ ቅባት ስለሚሸፍነው ፎጣው ውኃ መምጠጡን ይተዋል። በረኪናም ናይለኑን ይጎዳል። ከሁሉም በላይ በረኪናን ከኮምጣጤ ጋር መቀላቀል ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ስለሚፈጥር ለሳንባ አደገኛ ነው።

ፎጣን ማፍላት፣ በካውያ መተኮስና ከሰል ማንደጃ ላይ ማድረቅም አይገባም። የክሩ ጫፍ በሙቀት ሲጠጥር ለስላሳነቱን አጥቶ መጫር ይጀምራል፤ ይህ ጉዳት ደግሞ ታጥቦ አይመለስም።

በአንዳንድ ቦታ ግሪስ የያዘ ጨርቅ በቤንዚን፣ በናፍታ ወይም በላምባ ሲታጠብ ይታያል። የቤንዚን ትነት ከሩቅ ባለ ብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል። ናፍታውና ላምባውም ክር ውስጥ ቅባት ይተዋሉ፣ ቆዳንም ይጎዳሉ። ለእንዲህ ያለው ሥራ ያረጀ የጥጥ ጨርቅ መጠቀም ይሻላል።

እንጨት የሚወለውሉ ባለሙያዎችም ልብ ሊሉት የሚገባ ጉዳይ አለ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወይም ተከምሮ ሲቀመጥ፣ ዘይቱ ከአየር ጋር ሲዋሐድ የሚፈጥረው ሙቀት መውጫ አጥቶ በራሱ ጊዜ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። እንዲህ ያለው ጨርቅ ከቤት ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ፣ ወይም በውኃ ውስጥ ተነክሮ ይቀመጥ።

የፖሊሽ ስፖንጅና የሱፍ መወልወያ

በፖሊሽ ማሽን ላይ የሚገጠሙ መወልወያዎች ስፖንጅ፣ ሱፍ ወይም ማይክሮፋይበር ሊሆኑ ይችላሉ። በሥራ መካከል የፖሊሹ ቅሪትና የተነሳው ቀለም ስፖንጁ ላይ ይከማቻል። ይህ ሲደርቅ ስፖንጁን ያጠጥረዋል፤ ሙቀቱም ይጨምራል፤ ቀለሙም ይጫራል። ስለዚህ አንድ ክፍል፣ ለምሳሌ አንድ በር ወይም ኮፈን፣ ባለቀ ቁጥር ስፖንጁን በለስላሳ ብሩሽ ወይም በኮምፕረሰር አየር ማራገፍ ተገቢ ነው። በአየር ሲራገፍ የዐይን መከላከያና የአፍ መሸፈኛ ያስፈልጋል።

ሻካራው ኮምፓውንድ የተቀባበት ስፖንጅ ለማጠናቀቂያው ፖሊሽ አይውልም። ቢታጠብም ጥቂት ቅንጣት ሊቀርበት ስለሚችል ለእያንዳንዱ ደረጃ የራሱን ስፖንጅ መመደብ ይገባል። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ማድረግ ይረዳል።

ሥራው ሲያልቅ ስፖንጁ በለብታ ውኃና በጥቂት ሳሙና በጣት እየተጫነ ይታጠብ። ለረጅም ሰዓት አይዘፍዘፍ፤ የሚጣበቀውን ጀርባ የያዘው ማስቲሽ ይላቀቃልና። ውኃው በመዳፍ ተጭኖ ይውጣ እንጂ ስፖንጁ አይጠምዘዝ፤ ሲጠመዘዝ ይቀደዳል። ውኃው ወደ ማስቲሹ ሳይሆን ወደ ውጭ እንዲወርድ ፊቱ ወደ ታች ተደርጎ፣ አየር በሚያስገባ ወንፊት ወይም ሽቦ ላይ ይድረቅ።

ሱፉ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። በርኖስና ባና የሚሠሩ ሰዎች እንደሚያውቁት ሱፍ በሙቅ ውኃ ሲታሽ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠብቃል። ለልብስ የሚበጀው ይህ ጠባይ ለመወልወያው ጥፋት ነው። ስለዚህ ሱፉ በቀዝቃዛ ውኃ ሳይታሽ ይለቅለቅ፤ ከደረቀ በኋላም በማበጠሪያ ይፈታ።

በእንጅባራ አየር ማድረቅና ማስቀመጥ

በክረምት ዝናቡ ስለሚበዛና ቅዝቃዜው ስለሚበረታ ፎጣ ሳይደርቅ ሁለትና ሦስት ቀን ሊቆይ ይችላል። እርጥብ ፎጣ በፌስታል ከተቋጠረ ይሻግታል፣ ይሸታልም። ነፋስ በሚያሳልፍ ጣሪያ ስር በተወጠረ ገመድ ላይ፣ ሳይደራረብ መስጣት ይገባል። በተለዋጭነት የሚያገለግሉ በቂ ፎጣዎችን መያዝም ለክረምቱ ዝግጅት ነው።

በበጋ ደግሞ ችግሩ አቧራውና ፀሐዩ ነው። በዚህ ከፍታ ፀሐዩ የበረታ በመሆኑ ስፖንጅን በቀጥታ ማስጣት ያደርቀዋል፣ ያሰነጣጥቀዋልም። ከመንገድ በራቀ ጥላ ስር ማድረቅ ይመረጣል። አጥር ላይና ሳር ላይ መስጣት እሾህና ገለባ ያስይዛል። ፍጹም የደረቀው ፎጣ ክዳን ባለው የላስቲክ ሳጥን ውስጥ፣ በየዓይነቱ ተለይቶ ይቀመጥ።

እጣቢው ወዴት ይፈስሳል?

ይህ ጥያቄ ከከተማው አልፎ ገበሬውን ይነካል። የመኪናና የፎጣ እጣቢ ዘይት፣ ግሪስ፣ ሳሙናና የብረት ብናኝ ይይዛል። ማይክሮፋይበር በታጠበ ቁጥርም በዐይን የማይታዩ የፕላስቲክ ቃጫዎች ይረግፋሉ፤ እነዚህም በቀላሉ አይበሰብሱም። የአዊ ወንዞች ወደ አባይ የሚገቡ ናቸው። ከዚያ በፊት ግን ከብት ይጠጣባቸዋል፣ አትክልት ይለማባቸዋል፣ ልብስም ይታጠብባቸዋል። ውኃ ላይ የተንሳፈፈ ስስ የዘይት ሽፋን አየር ወደ ውኃው እንዳይገባ ያግዳል፤ በውኃው ውስጥ ያለውን ሕይወትም ይጎዳል።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው የወጡ ደረጃዎችን ጥሶ አካባቢን እንዳይበክል ይከለክላል። ሕጉ ባይኖርም ከላይ ያጠበ ሰው ከታች ለሚጠጣው ማሰቡ የጉርብትና ግዴታ ነው። ስለዚህ ፎጣም ሆነ መኪና ወንዝ ዳር አይታጠብ። እጣቢው መጀመሪያ ደለሉ ወደሚሰፍርበት፣ ቀጥሎ ዘይቱ ወደሚንሳፈፍበት ጉድጓድ ይግባ። የሰፈረው ደለልና የተንሳፈፈው ዘይት በየጊዜው ተለይቶ ይነሳ። ፎጣን በሳፋ ማጠብና የመጀመሪያውን ማለቅለቂያ በጥቂት ውኃ መጨረስም የእጣቢውን መጠን ይቀንሳል።

ፎጣው መቼ ይሰናበታል?

ታጥቦ ደርቆም የሚሻክር፣ ውኃ የሚገፋ ወይም ጠርዙ የተተረተረ ፎጣ ለቀለም አይሆንም። ሆኖም ወዲያው አይጣልም። ከቀለም ወደ ውስጥ ክፍል፣ ከዚያ ወደ ቸርኬ፣ በመጨረሻም ወደ ሞተር ሊወርድ ይችላል። ወደ ላይ ግን አይመለስም። የተቀደደ ወይም ጀርባው የተላቀቀ ስፖንጅ ማሽኑ ላይ ሲሽከረከር ሊበተን ስለሚችል ወዲያውኑ ይወገድ።

ንጹሕ ማይክሮፋይበር ለገበሬውም ይጠቅማል። የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ላይ የሚያርፍ አቧራ ጉልበቱን ይቀንሳል፤ ሰሌዳውን ጠዋት ሳይሞቅ በውኃ አርጥቦ በለስላሳ ፎጣ መጥረግ ይበጃል። ለስልክ፣ ለመነጽርና ለሞተር ብስክሌትም ያገለግላል። የጸረ ተባይ መርጫ የተጠረገበት ጨርቅ ግን ለሌላ ነገር አይዋል፤ ከቤት ልብስ ጋርም አይታጠብ።

ማይክሮፋይበር ፎጣ በወጉ ከተያዘ በመቶዎች ለሚቆጠር እጥበት ያገለግላል። መኪና ለማሳጠብ የሚሄድ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄም ቀላል ነው፦ "የምትወለውሉበት ፎጣ ታጥቧል?"