የሐረና ደን የእግር መንገድ

የሐረና ደን በኦሮሚያ ክልል፣ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደቡባዊ ክፍል የሚገኝ፣ በኢትዮጵያ ከቀሩት ሰፋፊ የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ነው። ከሳነቲ አምባ ጠርዝ ይነሣና ቁልቁል ወደ ደሎ መና ይዘልቃል። መንገዱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ከሚበልጥ ውርጭ ተነሥቶ 1,500 ሜትር ገደማ ወደሚደርስ የቡና አገር ያወርዳል። እያንዳንዱ ከፍታ የራሱ ዛፍና የራሱ እንስሳ ስላለው፣ ዕፅዋቱን የሚያውቅ ተጓዥ የት እንደደረሰ ካርታ ሳይገልጥ ይናገራል።

ከአምባው ጠርዝ እስከ አስታው

ሳነቲ ላይ ዛፍ የለም። ከአጫጭር ቁጥቋጦዎች በላይ ቀጥ ብሎ የሚታየው ጅብራ ነው። ጅብራ ለዓመታት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ዘሩን ከበተነ በኋላም ይደርቃል። የቀይ ቀበሮ ዋና መኖሪያም ይህ አምባ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ይገኛሉ። ዋና ምግባቸው ከባሌ በቀር የትም የማይገኘው ግዙፉ ፍልፈል ነው።

ቁልቁለቱ እንደጀመረ አስታው ይቀበላል። ከላይ ቁጥቋጦ የነበረው አስታ ዝቅ እያሉ ሲሄዱ ዛፍ ይሆናል፤ ግንዱ ሙስ ይለብሳል፣ ከቅርንጫፉም ሽበት የመሰለ ግራጫ ላይክን ይንጠለጠላል። ከቆላው የሚወጣው ጉም ሲያልፍ ሙሱ እርጥበቱን ይይዛል። ዝናብ በሌለበት ቀን እንኳ ከዛፉ ሥር ያለው አፈር ርሶ የሚገኘው ለዚህ ነው።

የኮሶና የቀርከሃ ቀበቶ

ከአስታው በታች ኮሶ ከአምጃ ጋር ተደባልቆ ይበቅላል። ኮሶን ለመለየት ቀላል ነው፦ ቅርፊቱ ቀላ ያለና እየተላጠ የሚወድቅ፣ ቅጠሉ ጠርዙ እንደ መጋዝ የተሸረከተ፣ አበባው ደግሞ በረጅም ዘለላ ቁልቁል የሚንጠለጠል ነው። ወንዴና ሴቴ ዛፎቹ ለየብቻ ናቸው። ቀላ ያለ አበባ የሚያወጣው ሴቴው ሲሆን፣ አባቶቻችን የኮሶ ትልን ለማስወጣት ሲጠጡት የኖሩትም ይህንኑ አበባ ነው።

በሪራ መንደር አካባቢ ቀርከሃው ይጀምራል። የባሌ ጦጣ የሚኖረው እዚህ ነው። ይህ ነጭ ጺም ያለው ጦጣ በዓለም ላይ የሚገኘው በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ደጋዎች ብቻ ሲሆን፣ በዋናነት የሚመገበው ለጋ የቀርከሃ ቅጠል ነው። ዓይን አፋር ስለሆነ ሊያየው የሚሻ ሰው ንግግር አቁሞ መቆየት አለበት። ቀርከሃው ከተመነጠረ ጦጣው ዋና ምግቡን ያጣል።

የታችኛው ደንና ቡናው

ከዚያ በታች ዝግባ፣ ወይራና ቀራሮ ከፍ ብለው ሰማዩን ይሸፍናሉ። ከቅርንጫፎቻቸው ላይ የአካባቢው ንብ አናቢዎች የሰቀሏቸው ቀፎዎች ይታያሉ፤ የሐረና ማር ታዋቂ ነው። በጥላቸው ሥር ማንም ያልተከለው ቡና ይበቅላል። የዱር ቡናው በውስጡ የያዘው የዘር ብዝኃነት በሽታንና ድርቅን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ለማውጣት ስለሚያስፈልግ፣ ዋጋው ከሚለቀመው ፍሬ እጅግ ይበልጣል።

ከላይ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል። የምኒልክ ድኩላ ጥላ ጥላውን ይዞ ይሄዳል። ጉንጨ ነጩ ቱራኮ ተቀምጦ ሳለ አረንጓዴ ይመስላል፤ ሲበር ግን የክንፉ ደማቅ ቀይ ቀለም ይገለጣል። ነብር፣ አንበሳና ግዙፉ የደን አሳማ በዚሁ ደን ይኖራሉ። ከሐረና ውጭ ታይተው የማያውቁ የእንቁራሪት ዝርያዎችም አሉ።

ጉዞና ጥበቃ

ለእግር ጉዞ የሚመረጠው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ነው። የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት በዲንሾ ይገኛል። ደኑን ያለ አካባቢው መንገድ መሪ መግባት አይመከርም፤ ዱካ ለይቶና ድምፅ አውቆ የሚያሳየው እሱ ነው።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1970 ተቋቋመ፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ይሁን እንጂ ለግጦሽ ተብሎ አስታው ላይ የሚለቀቅ እሳት፣ የእርሻ መስፋፋትና ለቡና ሲባል የሥረኛው ችግኝ መመንጠር ደኑን እየጎዱት ነው። አስታ ከተቃጠለ በኋላ ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ በየጊዜው ከተቃጠለ ግን ዛፍ ለመሆን ፋታ አያገኝም፣ ጉሙን የሚይዘው ሙስም አብሮት ይጠፋል።

የገናሌ፣ የወይብና የዌልመል ወንዞች ከእነዚህ ተራሮች ውሃ ያገኛሉ፤ ከታች ያለው የቆላ አርብቶ አደርም ከብቱን የሚያጠጣው ከእነሱ ነው። ስለዚህ ሐረናን የሚጎበኝ ሁሉ እሳት ሳያነድና ቅርንጫፍ ሳይቀነጥስ ይለፍ፤ ማሩንና ቡናውን ከአካባቢው ሰው ይግዛ። የደኑ ነዋሪ ከቆመ ዛፍ የሚያገኘው ገቢ ከተቆረጠው ካልበለጠ፣ ጥበቃው ጸንቶ ሊቆይ አይችልም።