የባቡሩ ቋንቋ

«ፈረንሳይኛ ተምሬ ምን ላገኝበት?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ዛሬ በድሬዳዋ ጥቂት አይደለም። ጥያቄው አያስወቅስም። የሚገርመኝ የሚጠየቅበት ቦታ ነው። የዛሬ 60 ዓመት ግድም፣ በዚያችው ከተማ፣ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ይህን የሚል ልጅ ቢገኝ ኖሮ የባቡር ሠራተኛው አባቱ ብዙም ባልደከመ ነበር። ጣቱን ወደ ጣቢያው ይቀስርለታል፤ መልሱ እዚያ ቆሞ ያፏጫል።

ነገሩ የሚጀምረው ከተማዋ ሳትቆረቆር ነው። ዐፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ኢልግና ፈረንሳዊው ነጋዴ ሌዎን ሼፍኖ ኩባንያ አቋቋሙ፤ ሐዲዱም ከጅቡቲ መዘርጋት ጀመረ። ሐሳቡ ሐረር ለመግባት ነበር። ዳሩ ግን ተራራው ወጪውን አናረው። ስለዚህ መሥመሩ ሐረርን ከላይ ትቶ በቆላው እንዲያልፍ ተደረገና ባቡሩ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በታኅሣሥ 1895 ደቻቱ አሸዋ ዳር ደረሰ። ለአዲሱ ሰፈር «አዲስ ሐረር» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር፤ ስሙ አልያዘም። የያዘው ቋንቋው ነው።

ኩባንያው ከዚያ በኋላ ገንዘብ አጠረውና ሥራው ቆመ። በ1900 ዓ.ም. የምኒልክ ሐኪም ለነበሩት ለጓዴሉፕ ተወላጁ ለዶክተር ቪታልየን አዲስ ፈቃድ ተሰጥቶ ሌላ ኩባንያ ተተካ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ነው። በዚህ መካከል ድሬዳዋ የመንገዱ መጨረሻ ሆና ለዓመታት ቆየች። ዕቃው የሚራገፈው፣ ግመሉና በቅሎው የሚጫነው፣ ቀረጡ የሚከፈለው እዚያ ነበር። ዋናው የጥገና ወርክሾፕም እዚያው ተተከለ።

በወርክሾፑና በጣቢያው የነበረውን አስቡት። መዝገቡ በፈረንሳይኛ፣ የጉዞ ትእዛዙ በፈረንሳይኛ፣ የመለዋወጫው ስም በፈረንሳይኛ። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ ዐረቡ፣ ግሪኩና አርመኑ በአንድ ግቢ ይሠራሉ፤ እርስ በርሳቸው በየቋንቋቸው ቢግባቡም ከማሽኑ ጋር የሚግባቡት በአንዱ ነው። ከሸክም ወደ መፍቻ፣ ከመፍቻ ወደ ብዕር ከፍ ማለት የፈለገ ሰው ሰዋስው ቢጎድለው እንኳ ቃሉን መያዝ ነበረበት። ብዙዎቹ የተማሩት በብላክቦርድ ፊት አልነበረም፤ በዘይት በተነከረ እጅ ነው።

የመኳንንቱ ፈረንሳይኛ ሌላ ነው። ያን ጊዜ ፈረንሳይኛ የዓለም ዲፕሎማሲ ቋንቋ ስለነበር ቤተ መንግሥቱ ይፈልገው ነበር። ወጣቱ ተፈሪ መኮንን በሐረር ሳሉ ከካፑሲን ሚሲዮኑ ሰው ከአባ ሳሙኤል ተማሩት፤ እኚህ መምህር በ1907 ሐረማያ ሐይቅ ጀልባ ተገልብጦ የሞቱት ናቸው። ካፑሲኖቹ በሐረር የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ያትሙ ነበር፤ የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤታቸውም ኋላ በድሬዳዋ ሠርቷል። አዲስ አበባ ላይ በ1901 የተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤትም ሆነ በ1917 የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛን ትልቅ ቦታ ሰጥተውት ነበር። ታሪካችን በብዛት የሚያወሳው ይህኛውን ነው። እኔ ግን የመፍቻ ያዡ ይበልጥብኛል፤ እንጀራ ያበላው እሱ ነውና።

ቋንቋውን መቻል አለቃ ያደርጋል ማለቴ ግን አይደለም። ዋና ዋናው ሥልጣን ለረጅም ዘመን በፈረንጆቹ እጅ ነበር። የአገራችን ቀደምት ከሆኑት የሠራተኛ ማኅበራት አንዱ በድሬዳዋ ባቡር ሠራተኞች መካከል መመሥረቱም ያለ ምክንያት አልነበረም። የአለቃውን ወረቀት ማንበብ የቻለ ሠራተኛ የተጻፈበትንም ያነብባል።

ከጣልያን ወረራ በኋላ ትምህርት ቤቶቻችን ወደ እንግሊዝኛ ዞሩ። ባቡሩ ግን አልዞረም። ጅቡቲ በ1969 ነጻ ወጥታ፣ ኩባንያውም ቆይቶ የኢትዮጵያና የጅቡቲ ከሆነ በኋላ እንኳ የሁለቱ ወገን የሥራ ቋንቋ ያው የቀድሞው ነበር። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል አሮጌው ባቡር ሲቆም፣ ፈረንሳይኛውም ከሠራተኞቹ ጋር ጡረታ ወጣ። በ2009 የተመረቀውን አዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር የሠሩት ቻይናዎች ናቸው። ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ወጣቱ አሁን ቻይንኛ ቢማር አንዳንዶች ይተክዛሉ። ለምን? አያቶቹ ያደረጉትን ነው ያደረገው፤ ሥራው ወዳለበት ቋንቋ ሄደ።

እንግዲህ ተማሪው ለጠየቀው መልስ የምሻው ከፓሪስ ውበት አይደለም። ሥራውን ልፈልግለት። ከ1990ው የኤርትራ ጦርነት ወዲህ የአገራችን የውጭ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚተላለፈው በጅቡቲ ነው፤ ጅቡቲ ደግሞ ከዐረብኛ ጋር የምትሠራው በፈረንሳይኛ ነው። ዕቃ አስተላላፊው፣ የጉምሩክ ሠራተኛው፣ የጭነት መኪና ባለቤቱ ከድሬዳዋ የሚነጋገረው ከዚያ ወገን ጋር ነው። አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ኅብረት አለ፤ ፈረንሳይኛ ከሥራ ቋንቋዎቹ አንዱ ነው። አየር መንገዳችን ከዳካር እስከ ኪንሻሳ ይበርራል። ብቻ አንድ ነገር ልብ ይባልልኝ፤ የድሬዳዋው ሰው መጀመሪያ መካኒክ ነበር፣ ፈረንሳይኛው የተጨመረበት ነው። ሙያ የሌለው ሰው ቋንቋ ቢይዝ በሁለት ቋንቋ ሥራ ይፈልጋል። ሙያ ያለው ከሆነ ግን የከተማው አሊያንስ በሩ ሩቅ አይደለም።

ሌላም አለ፤ ደመወዝ የማይወጣለት። ከመቶ ዓመት በላይ የተጻፈው የባቡሩ ወረቀት፣ የቅጥሩ፣ የቅጣቱ፣ የአደጋው፣ የደመወዙ ዝርዝር፣ በዚያው ቋንቋ ነው። ድሬዳዋ በእነዚያ ወረቀቶች ላይ ተጽፋለች። በገዛ ከተማው ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የሚያጠና ልጅ፣ አያቱ ስንት ብር ተቀጥረው፣ በየትኛው ቀን፣ በምን ጥፋት የአንድ ቀን ደመወዝ እንደተቆረጠባቸው ማወቅ ቢፈልግ፣ ፋይሉን ገልጦ የሚያነብለት ጡረተኛ ሰፈር ለሰፈር መፈለግ ሊኖርበት ነው፤ እነሱም ከዓመት ዓመት እያነሱ ነው።