ትኋን በቤትዎ፦ እንዴት ይለያሉ? እንዴትስ ያጠፋሉ?

ጠዋት ሲነሡ ክንድዎና አንገትዎ ላይ የሚያሳክክ እብጠት ካገኙ፣ አንሶላዎ ላይ ትንንሽ የደም ነጠብጣብ ካዩ፣ ወይም ልጅዎ ሌሊት እያከከ የሚነሣ ከሆነ፣ ሊያስቡበት ከሚገቡት ነገሮች አንዱ ትኋን ነው። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ብዙ ሰው የሚኖረው ጎን ለጎን በተሠሩ የኪራይ ክፍሎች ነው። ግድግዳው ጭቃ ወይም ኮምፔርሳቶ ነው፤ ኮርኒሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለሁሉም ክፍል አንድ ነው። ለትኋን ከዚህ የተሻለ ቤት የለም፤ የሚፈልገው ስንጥቅና በአቅራቢያው የሚተኛ ሰው ብቻ ነው።

ትኋን የቆሻሻነት ምልክት አይደለም። የሚመገበው ደም እንጂ ፍርፋሪ ስላልሆነ ንጹሕ ቤትም ውስጥ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2023 ፓሪስ ውስጥ በሲኒማ ቤትና በባቡር ወንበሮች ላይ ታየ ተብሎ የዓለም መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ይህን የማነሣው ሐፍረት በራሱ ጉዳት ስለሚያመጣ ነው። ሰው ከጎረቤቱና ከአከራዩ ሲደብቅ ትኋኑ ከክፍል ወደ ክፍል ይዛመታል።

ትኋንን መለየት

ያደገ ትኋን ከ4 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው፤ መጠኑም ቅርጹም የተልባ ፍሬ ይመስላል። ጠፍጣፋና ቡናማ ነው፤ ደም ሲጠጣ ይነፋል፣ ይቀላል። ክንፍ የለውም፣ እንደ ቁንጫም አይዘልም፤ ይራመዳል። ግልገሎቹ በጣም ትንንሽና ነጣ ያሉ ስለሆኑ ደም ካልጠጡ በስተቀር ለማየት ያስቸግራሉ። እንቁላሉ 1 ሚሊ ሜትር የሚያህል ነጭ ነገር ሲሆን ስንጥቅ ውስጥ ይጣበቃል።

ቀን ይደበቃል፤ ስለዚህ ትኋኑን ሳይሆን መደበቂያውን ይፈልጉ። ከስልክዎ ባትሪ መብራት የተሻለ መሣሪያ አያስፈልግዎትም። የፍራሹን ጠርዝና ስፌት ይግለጡ፤ የአልጋውን እግርና ራስጌ መጋጠሚያ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን፣ ርብራቡን ሥር ይመልከቱ። ቀጥሎ የሶፋውን ስፌት፣ የመጋረጃውን እጥፋት፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ጀርባ፣ በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ ሥር፣ የኮርኒሱን ጠርዝ። በብዕር የተነካካ የሚመስሉ ጥቋቁር ነጥቦች የትኋን ኩስ ናቸው፤ በእርጥብ ጨርቅ ሲያሹት ቡናማ ሆኖ ከተዘረጋ ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። ባዶ ቅርፊትም ያገኛሉ፤ ትኋን እስኪያድግ 5 ጊዜ ቆዳውን ይቀይራልና። ብዙ ሆኖ ሲገኝ ክፍሉ የሚታወቅ ጣፋጭ፣ ግን የሚያቅለሸልሽ ሽታ አለው።

ከንክሻው ብቻ ተነሥቶ እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ እኛ ሐኪሞችም አንችልም። አንዳንዱ ሰው ምንም ምልክት አያሳይም፤ ሌላው ከቀናት በኋላ፣ አንዳንዴም እስከ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ያብጥበታል። በዚህ ምክንያት በአንድ አልጋ የሚተኙ ባልና ሚስት አንዱ ብቻ የሚነከስ ይመስላቸዋል። ሆኖም ልዩነቶችን ማወቅ ይጠቅማል። የትኋን ንክሻ አብዛኛውን ጊዜ ከልብስ ውጭ በሚቀር ቦታ፣ ፊት፣ አንገት፣ ክንድ ላይ፣ አንዳንዴም ተሰልፎ ይወጣል። ቁንጫ የሚበዛው ቁርጭምጭሚትና ባት ላይ ነው። የሰውነት ቅማል በልብስ ስፌት ውስጥ ይገኛል። እከክ ደግሞ በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በወገብና በብልት አካባቢ ይወጣል፤ ሌሊት ይብሳል፣ ቤተሰቡን ሁሉ ይይዛል። የእከክ ቅባት ሁለት ሦስት ጊዜ ተቀብተው ያልተሻላቸው ሰዎች ፍራሻቸውን ቢፈትሹ መልካም ነው። ፍራሽ ሲያቃጥሉ ከርመው በሽታው እከክ ሆኖ የሚገኝባቸውም አሉ።

በሽታ ያስተላልፋል?

ትኋን ኤች አይ ቪን ወይም የጉበት ቫይረስን ያስተላልፋል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም። በተለመደው ኑሮ ትኋን ወደ ሰው በሽታ እንደሚያስተላልፍ አልተረጋገጠም። ስለዚህ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣብዎ «ትኋኑ ነው» ብለው ቤት አይቀመጡ። ግርሻና ተስቦ የሚተላለፉት በሰውነት ቅማል ነው፤ ሰሞኑን ወደ ቆላ ሄደው ከነበረም ወባ ሊሆን ይችላል። ሦስቱም ሕክምና አላቸው፤ ሦስቱም ቢዘገዩ ይገድላሉ።

የትኋን ዋናው ጉዳት ማሳከክና እንቅልፍ ማጣት ነው። ልጆች በጥፍራቸው ሲያክኩ ቆዳቸው ይቆስላል፣ ይመግላል። በጣም በበዛበት ቤት ሕጻናትና አረጋውያን ላይ የደም ማነስ ሊያስከትል ይችላል። ንክሻውን በሳሙና ይታጠቡ፣ በቀዝቃዛ ጨርቅ ይያዙ፣ ጥፍር ይቁረጡ። ካላማይን ወይም 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ቅባት ይረዳል፤ ሌሊት የሚያስቸግር ከሆነ ሴትሪዚን መውሰድ ይቻላል። ለሕጻን ወይም ለነፍሰ ጡር ግን ባለሙያ ሳይጠይቁ አይስጡ። ቁስሉ መግል ከያዘ፣ ዙሪያው ከቀላና ከሞቀ፣ ወይም ፊትና ከንፈር ካበጠና ለመተንፈስ ካስቸገረ ጤና ተቋም ይሂዱ።

እባክዎን ይህንን አያድርጉ

ሰው የሚሞተው ከትኋን ሳይሆን ከመድኃኒቱ ነው። ማላታዮንና ዲያዚኖን የመሳሰሉ የእርሻ መርዞች በገበያ በውሃ ላስቲክ ተቀድተው ይሸጣሉ። ስም የለውም፣ መጠኑ አይታወቅም፣ ሽያጩም «ትንሽ በውሃ በጥብጠህ እርጨው» ተብሎ ነው። ፍራሽ ላይ ከተረጨ በቆዳም በትንፋሽም ይገባል። በውሃ ላስቲክ የተቀመጠውን ደግሞ ልጅ ይጠጣዋል። ከዚህ መርዝ ጋር ከተገናኘ ሰው ላይ ምራቅና እንባ መብዛት፣ ላብ፣ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ የጡንቻ መርገብገብ ወይም የትንፋሽ ማጠር ካዩ ፈጥነው ወደ ንጹሕ አየር ያውጡት፣ ልብሱን ያውልቁ፣ ሰውነቱን በሳሙናና በብዙ ውሃ ይጠቡ፣ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱ። የእርስዎንም እጅ በላስቲክ ይሸፍኑ። ወተት መጋትም ሆነ ማስመለስ አይጠቅምም፤ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። የመርዙን ዕቃ ይዘው ይሂዱ። ሆስፒታል ውስጥ አትሮፒን የተባለ ማርከሻ አለ።

ለነቀዝ የሚሸጠው ክኒን ከዚህም ይከፋል። ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ማርከሻ የለውም። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ለትኋን ብለው ክፍላቸው ውስጥ ያስቀመጡት ክኒን ጋዙ በግድግዳ አልፎ የጎረቤት ልጆችን የገደለበት ጊዜ አለ። በኮምፔርሳቶ የተከፈለ ክፍል ውስጥ ምን ሊሆን እንደሚችል ይገምቱ።

አልጋን በነጭ ጋዝ ወይም በቤንዚን መቀባትም የቆየ ልማድ ነው። ከሰልና ሻማ በሚነድበት ክፍል ውስጥ ቤትን ማቃጠል ነው።

ከሱቅ የሚገዛው ፍሊት በቀጥታ የነካውን ሊገድል ይችላል፤ ስንጥቅ ውስጥ ያለውን ግን አያገኘውም። ከዚህም በላይ በዓለም ዙሪያ ትኋኖች መርዙን ተላምደዋል። ዲዲቲ ትኋንን ያጠፋል በተባለ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ሃዋይ ውስጥ የማይሞቱ ትኋኖች ተገኙ። ዛሬ በአብዛኛው ፍሊት ውስጥ ያለው ፓይሬትሮይድም ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል። «ያለፈው ዓመት ገደለ፣ ዘንድሮ አልገደለም» የሚሉኝ ሰዎች እውነታቸውን ነው።

የሚሠራው ዘዴ ሙቀት ነው

ትኋን ከ50 ዲግሪ በላይ ሙቀት ሲያገኘው ከነእንቁላሉ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። ሱሉልታ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህም ከበቂ በላይ ነው። ብርዱ ግን አይረዳዎትም። ትኋንን በብርድ ለመግደል ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ለ4 ቀናት ማቆየት ያስፈልጋል፤ የሱሉልታ ሌሊት ትኋኑን ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም። እንዲያውም በብርድ ጊዜ ምግብ ሳያገኝ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ክፍሉን ለሁለት ሳምንት ዘግቶ አገር ቤት መሄድ የማይጠቅመው ለዚህ ነው።

ፀሐያማ ቀን ይምረጡ፤ በክረምት ልብስ አይደርቅምና ሥራው ይከብዳል። አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ ጋቢና መጋረጃውን ክፍሉ ውስጥ እንዳለ ላስቲክ ውስጥ ከትተው አፉን ይሰሩት፤ በግቢው እያንጠባጠቡ አይሂዱ። ማዳበሪያ ከረጢት ቀዳዳ ስላለው አይሆንም። የሚችለውን በ60 ዲግሪ ወይም በፈላ ውሃ ይዘፍዝፉ፤ የማይችለውን በካውያ ከነስፌቱ ይተኩሱ። ብርድ ልብስና ጫማ የመሳሰለውን በጥቁር ላስቲክ ውስጥ ስስ አድርገው አስረው ፀሐይ ላይ ያውሉት። ፍራሽን ግን ፀሐይ ላይ ማስጣት ብቻውን አይበቃም፤ ትኋኑ ወደ ጥላው በኩል ይዞራል።

አልጋውን ደጅ አውጥተው ይፍቱት፤ በየመጋጠሚያውና በየቀዳዳው የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ ቀስ እያሉ ያፍሱ። ልጆችን ያርቁ፤ በዚህ ሥራ ላይ የሚቃጠሉት እነሱ ናቸው። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ አጠገብ ውሃ አያፍሱ። የፍራሹን ስፌት በጠንካራ ብሩሽ ይፈትጉ፤ ከቻሉ ሙሉ በሙሉ በሚዘጋ የላስቲክ ሽፋን ውስጥ ከተው ለአንድ ዓመት አይክፈቱት። ከዚያ በኋላ ስንጥቁን ይድፈኑ፦ በግድግዳ ላይ ያለውን ጋዜጣ ይላጡ፣ በጭቃ ወይም በጂፕሰም ይምረጉ፣ የአልጋውን ቀዳዳ በሳሙና ይሙሉ።

አልጋውን መልሰው ሲያስገቡ ከግድግዳው በአንድ ክንድ ያርቁት። እያንዳንዱን እግር ትንሽ ውሃና ኦሞ በያዘ የቲማቲም ቆርቆሮ ውስጥ ያቁሙት፤ ብርድ ልብሱ መሬት አይንካ። ሊወጣ የሚሞክረው ትኋን ቆርቆሮው ውስጥ ይቀራል፤ ስንት እንደቀረዎትም ጠዋት ቆጥረው ያውቃሉ። ሃሳቡ አዲስ አይደለም፤ በባልካን አገሮች ሰዎች ማታ የቦሎቄ ቅጠል መሬት ላይ ይበትኑ ነበር፤ በቅጠሉ ላይ ያሉት ጥቃቅን መንጠቆዎች የትኋኑን እግር ይይዙታል። ብቻ ትኋኑን ሽሽት ወደ ሌላ ክፍል ሄደው አይተኙ፤ ይከተልዎታል፤ ሁለተኛውንም ክፍል ይይዛል።

አንድ ጊዜ አይበቃም። እንቁላሉ በሞቃት ክፍል ከ6 እስከ 10 ቀን፣ በቀዝቃዛ ክፍል እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ይፈለፈላል። ስለዚህ ሥራውን በየ10 ቀኑ ቢያንስ 3 ጊዜ ይድገሙት። በ8 ተከታታይ ሳምንታት ውስጥ አዲስ ነጥብም፣ በቆርቆሮው ውስጥ ትኋንም ካላዩ ጠፍቷል ማለት ይቻላል።

ተከራይ ከሆኑ ለብቻዎ አይጀምሩ። እርስዎ ሲያጸዱ የጎረቤትዎ ትኋን በኮርኒሱ ይመለሳል። ከአከራዩና ከግቢው ሰዎች ጋር ቀን ቆርጣችሁ በአንድ ቀን ሥሩ፤ ሁሉም ባይስማማ እንኳ ቢያንስ በግራና በቀኝ ያሉት ክፍሎች ይፈተሹ። ገንዘብ አዋጥታችሁ የተባይ ማጥፊያ ባለሙያ የምትጠሩ ከሆነ የሚረጨውን መድኃኒት ስም በማሸጊያው ላይ አንብቡ፤ ለስንት ሰዓት ከቤት መውጣት እንዳለባችሁ፣ ተመልሶ እንደሚመጣም ጠይቁ። «አንዴ ረጭቼ እጨርሰዋለሁ» የሚል ባለሙያ አይቅጠሩ።

ያገለገለ ሶፋ፣ አልጋ ወይም ፍራሽ ሲገዙ ደጅ ሳለ ስፌቱን ይግለጡ። ሳልባጅ ልብስ ሳይለብሱት በፈላ ውሃ ይጠቡ። ከመንገድ ወይም ሆስፒታል ከማስታመም ሲመለሱ ሻንጣዎን አልጋ ላይ አያስቀምጡ፤ በር ላይ ይክፈቱትና ልብሱን በቀጥታ ወደ መዘፍዘፊያ ያድርጉት።