በመኖሪያ ቤት የሚቀመጥ የጦር መሣሪያ ካዝና ስርቆትን ምን ያህል ይከላከላል? ለደብረ ማርቆስና አካባቢው ባለፈቃዶች የተዘጋጀ መረጃ

በጎጃም ደጋማ አካባቢዎች የጦር መሣሪያ ከሌላው የቤት ዕቃ የተለየ ቦታ ይሰጠዋል። ከአባት የተረከቡት ምንሽርም ሆነ በቅርብ ጊዜ የተያዘ ክላሽ፣ ለባለቤቱ የከብቱና የሰብሉ መጠበቂያ፣ የክብሩም መገለጫ ሆኖ ይታያል። ይኸው ተፈላጊነቱ የሌባም ዒላማ ያደርገዋል። የተሰረቀ በሬ የአንድን ቤተሰብ የእርሻ ወቅት ያበላሻል፤ የተሰረቀ ጠመንጃ ግን ለውንብድና ወይም ለደም መመላለስ ውሎ ጨርሶ የማይተዋወቁ ሰዎችን ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ፈቃዱ የሚሰጠው ተለይቶ ለታወቀ ሰው እንደመሆኑ፣ መሣሪያው በሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ መጠበቅ በቅድሚያ የባለፈቃዱ ድርሻ ነው። ይህ ጽሑፍ ለዚሁ ተግባር የሚያገለግለው የብረት ካዝና ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነና በአካባቢው የቤት አሠራር እንዴት መተከል እንዳለበት ያብራራል። እዚህ ላይ «ካዝና» የተባለው የጠመንጃው የጥይት መያዣ ሳይሆን መሣሪያው የሚቆለፍበት የብረት ቁምሳጥን ነው።

ካዝና የሚሰጠው ጥበቃ ምን ዓይነት ነው?

ፈጽሞ የማይከፈት ካዝና የለም። ካዝና የሚሠራው ሌባውን ለማዘግየትና ድምፅ ሳያሰማ እንዳይከፍት ለማድረግ ነው። ስለዚህም የካዝና ጥንካሬ ሲለካ ለመክፈት የሚወስደው ጊዜ ትልቅ ቦታ አለው።

በአሜሪካ ለመኖሪያ ቤት ካዝና የወጣው ዩኤል 1037 የተሰኘ መመዘኛ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በመመዘኛው የመጀመሪያ ደረጃ አንድ ባለሙያ በእጅ መሣሪያዎች ተጠቅሞ ካዝናውን ለመክፈት ይሞክራል፤ ካዝናው ለ5 ደቂቃ ካልተከፈተ ፈተናውን አልፏል ይባላል። የሚቆጠረውም መሣሪያው ካዝናውን የሚነካበት ጊዜ ብቻ ነው። በፈተናው የሚፈቀደው መዶሻ ክብደቱ ከ1.4 ኪሎ ግራም፣ የመፈልቀቂያው ብረት ርዝመት ደግሞ ከ46 ሴንቲ ሜትር ገደማ አይበልጥም።

ይህ አኃዝ ለገጠር ነዋሪ ልዩ ትርጉም አለው። በአንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ ያለው ዲጂኖ ከ1 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ መጥረቢያውና መፍለጫውም ከፈተናው መዶሻ የከበዱ ናቸው። ዲጂኖው በረዘመ ቁጥር በካዝናው በር ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ይጨምራል። በመሆኑም ፈተናውን ያለፈ ካዝና እንኳ ዲጂኖ በእጁ ባለ ሌባ ፊት 5 ደቂቃ ላይቆይ ይችላል። ሌባው ደግሞ ዲጂኖ ተሸክሞ መምጣት አያስፈልገውም፤ የባለቤቱን ዲጂኖ ከጓሮው ያገኘዋል። የእርሻና የእንጨት መሥሪያ ዕቃዎችን በተቆለፈ ቤት ማስቀመጥ የካዝናውን አቅም ያለ ተጨማሪ ወጪ ያሳድጋል።

የላሜራ ውፍረትና የቁልፍ ዓይነት

በገበያ ላይ «የጠመንጃ ሳጥን» ተብለው የሚቀርቡ ዕቃዎች ሁሉ እኩል አይደሉም። ከ1 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ላሜራ የተሠራ ቁምሳጥን ልጆችንና እንግዶችን ከመሣሪያው ከማራቅ ያለፈ ጥቅም አይኖረውም፤ በሩ በካቻቢቴ ጭምር ሊጣመም ይችላል። በእንግሊዝ አገር ለጠመንጃ ቁምሳጥን እንደ ዝቅተኛ መነሻ የሚወሰደው የላሜራ ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ነው። ጀርመን ከዚህ ጠበቅ ያለ መንገድ መርጣለች፤ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2017 ጀምሮ አዲስ የሚገዛ የጦር መሣሪያ ካዝና ኢኤን 1143-1 በተባለው የአውሮፓ መመዘኛ ቢያንስ የዜሮ ደረጃን ማሟላት አለበት።

በደብረ ማርቆስም ሆነ በሌሎች የአካባቢው ከተሞች በብየዳ ቤት ካዝና የሚያሠራ ባለፈቃድ የሚከተሉትን ነጥቦች ከባለሙያው ጋር አስቀድሞ ሊስማማባቸው ይገባል።

• የላሜራው ውፍረት ከ2 ሚሊ ሜትር ያላነሰ፣ የበሩ ደግሞ ከዚያ የወፈረ ይሁን።
• በሩ ሲዘጋ ወደ ማቀፊያው ውስጥ የሚገባ እንጂ ከላይ የሚለጠፍ አይሁን፤ በተለጠፈ በር ጠርዝ ሥር ዲጂኖ በቀላሉ ይገባል።
• መወርወሪያው በአንድ ነጥብ ብቻ ሳይሆን ከላይ፣ ከመካከልና ከታች የሚይዝ ይሁን።
• ማጠፊያው ቢቆረጥም በሩ እንዳይወልቅ በማጠፊያው በኩል ከውስጥ የሚይዝ ቋሚ ብረት ይበየድ።
• በውጭ በኩል የሚንጠለጠል ጓጉንቸር ብቸኛ መቆለፊያ አይሁን፤ በሴጌቶ ሊቆረጥ ወይም በመዶሻ ሊሰበር ይችላል።

በቁጥር የሚከፈት የኤሌክትሪክ ቁልፍ ያለው ካዝና የገዛ ሰው ከፋብሪካ የመጣውን የመክፈቻ ቁጥር ወዲያውኑ መለወጥ አለበት። የባትሪ ማለቅ ቢያጋጥም የሚያገለግለው መጠባበቂያ ቁልፍም ከካዝናው ርቆ መቀመጥ ይኖርበታል።

ዋናው ጉዳይ ካዝናው የሚተከልበት ቦታ ነው

በተግባር ሲታይ አብዛኛው ችግር የሚመነጨው ከካዝናው ሳይሆን ከአተካከሉ ነው። 40 ኪሎ ግራም የሚመዝን የብረት ሳጥን ሁለት ሰዎች ይሸከሙታል፤ በአህያ ወይም በባጃጅ ጭነውም ጊዜ ወስደው ሊከፍቱት ወደሚችሉበት ቦታ ይወስዱታል። የአውሮፓው መመዘኛ ክብደታቸው ከ1,000 ኪሎ ግራም በታች የሆኑ ካዝናዎች ከወለል ወይም ከግድግዳ ጋር እንዲታሰሩ የሚጠይቀው ለዚሁ ነው።

የውጭ አምራቾች መመሪያ ግን ግድግዳው የጡብ ወይም የኮንክሪት እንደሆነ አድርጎ ይነሳል። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያሉ ብዙ ቤቶች በባሕር ዛፍ እንጨትና በጭቃ የተሠሩ፣ ወለላቸውም አፈር ነው። በጭቃ ግድግዳ ላይ የተመታ ቡሎን በእጅ ኃይል ይነቀላል። ከእንጨቱ ቋሚ ጋር ቢታሰርም መጥረቢያ የያዘ ሌባ ቋሚውን ቆርጦ ሳጥኑን ይወስዳል። ግድግዳውን ከውጭ መሰርሰርም ይቻላል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት የሚሻለው መፍትሔ ካዝናውን ከወለሉ ጋር ማያያዝ ነው። ከውጭ ግድግዳ ራቅ ባለ የጓዳ ማዕዘን ርዝመቱና ስፋቱ 60 በ60፣ ጥልቀቱ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ተቆፍሮ በኮንክሪት ይሞላል። ኮንክሪቱ ሲፈስስ ጫፋቸው የታጠፈ አራት ቡሎኖች በውስጡ ይቀበራሉ። ይህ መሠረት ብቻውን ወደ 345 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ተሸክሞ መሄድ አይቻልም። ኮንክሪቱ ለአንድ ሳምንት ውኃ እየጠጣ ከጠነከረ በኋላ ካዝናው ይቀመጥበትና ቡሎኖቹ ከውስጥ በኩል ይታሰራሉ፤ በሩ ሳይከፈት ሊፈቱ አይችሉም። ካዝናው በማዕዘን መቀመጡ ሌባው ዲጂኖ የሚያሳርፍበትን ቦታ ያጠብበታል።

አካባቢው በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኝ በመሆኑ መሠረቱ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ሊል ይገባል። በክረምት ወራት ካዝናውን በየጊዜው መክፈት፣ መሣሪያውን በደረቅ ጨርቅ መወልወልና ዘይት መቀባት ዝገትን ይከላከላል። ቀጭን ላሜራ እሳትን እንደማይከላከል መታወቅ አለበት፤ ስለዚህ ካዝናው ከምድጃና ከሣር ክምር መራቅ ይኖርበታል።

ቁልፍ፣ ምስጢርና ጎረቤት

ጠንካራ ካዝና ቁልፉ በፍራሽ ሥር ወይም በበሩ ጉበን ላይ ከተቀመጠ ከተራ ሳጥን አይሻልም። ቁልፉ በባለፈቃዱ እጅ ብቻ መሆን አለበት። ጥይት ከመሣሪያው ተለይቶ በሌላ በተቆለፈ ቦታ ቢቀመጥ፣ መሣሪያው ቢሰረቅ እንኳ ወዲያውኑ ለጥቃት እንዳይውል ይረዳል፤ ልጆችንም ከአደጋ ይጠብቃል።

ካዝናው የት እንዳለ የሚያውቀው ሰው ባነሰ ቁጥር ጥበቃው ይጨምራል። መሣሪያን ለእንግዳ ማሳየት ወይም ስለ ካዝናው በጠላ ቤት መጫወት ሳያስቡት ለሌባ መረጃ መስጠት ነው።

ካዝና የሚያስገኘው ጥቂት ደቂቃ ጥቅም የሚኖረው ድምፁን የሚሰማ ሰው ሲኖር ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለንግሥ በዓል ወይም ለገበያ ሲወጣ ቤቱ ባዶ ይሆናል፤ በባዶ ቤት ሌባው የፈለገውን ያህል መዶሻ ቢመታ ማንም አይደርስበትም። በእነዚህ ቀናት አንድ የቤተሰብ አባል ቤት እንዲውል ማድረግ ወይም የሚታመን ጎረቤት አደራ መስጠት ከላሜራ ውፍረት የማይተናነስ ጥበቃ ነው።

ካዝና የማይከላከለው ነገርም አለ። ባለቤቱን በመሣሪያ አስፈራርቶ ለማስከፈት የሚመጣን ዘራፊ አያቆምም፤ በዚህ ጊዜ ከመሣሪያው ይልቅ የሰው ሕይወት ይቀድማል። ካዝና መያዝ ፈቃድንም አይተካም።

መሣሪያው ቢሰረቅ

ባለፈቃዱ የመሣሪያውን ዓይነትና መለያ ቁጥር እንዲሁም የፈቃዱን ቅጂ ከካዝናው ውጭ በሌላ አስተማማኝ ቦታ አስቀድሞ ሊያስቀምጥ ይገባል። ስርቆት ሲያጋጥም የሚከተለው ይፈጸማል።

1. የተሰበረውን ካዝና፣ በሩንና የወደቁ ዕቃዎችን ሳይነኩ ቤቱን መጠበቅ፤
2. ሳይውል ሳያድር በአቅራቢያ ለሚገኝ የፖሊስ ጽሕፈት ቤት በአካል ወይም በስልክ ማመልከት፤
3. የመለያ ቁጥሩንና የፈቃዱን ቅጂ ማቅረብ፣ የተወሰደ ጥይት ካለም ብዛቱን ማስመዝገብ፤
4. ማመልከቻው ስለመመዝገቡ የጽሑፍ ማስረጃ ጠይቆ መያዝ።

ስርቆቱን በኀፍረት ወይም «በሽምግልና ይመለሳል» በሚል ተስፋ ማዘግየት ሁለት ጉዳት አለው። መሣሪያው በዚህ መካከል ወንጀል ቢፈጸምበት ምርመራው በቅድሚያ የሚያመራው በስሙ ወደተመዘገበው ሰው ነው፤ ፖሊስም መሣሪያው ከአካባቢው ሳይርቅ የመያዝ ዕድሉን ያጣል። የሽማግሌዎች ጥረት ሊቀጥል የሚችለው ማመልከቻው ከቀረበ በኋላ ነው።

ስለ ፈቃድና ምዝገባ ተጨማሪ ማብራሪያ የሚፈልጉ ነዋሪዎች የሚኖሩበትን ወረዳ ወይም ከተማ አስተዳደር ፖሊስ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይችላሉ።