ከጣና ደንገል እስከ ጅቡቲ እሳት

ጣና ዳር ላደገ ሰው ስለ ደንገል ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይታሰርና ታንኳ ይሆናል። ታንኳው ውሃ ሲጠጣ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ይመታዋል፣ ከዚያ ተመልሶ ይገባል። ይህን ጥበብ ከአባት ለልጅ ሲያወርሱ የኖሩት ደግሞ ኅብረተሰባችን ለብዙ ዘመን በንቀት ዓይን ሲያያቸው የኖሩት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። እኛ ተማሪዎች ታሪክ ሲባል ንጉሥ ከንጉሥ የተዋጋበትን ዓመት መሸምደድ ስለለመድን፣ ይህ ሣር ውቅያኖስ ተሻግሯል ብንባል «እንዴት ተደርጎ!» ማለታችን አይቀርም። ግን ተሻግሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1969) ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌያዊ ተመራማሪ አንድ ጥያቄ ይዞ ተነሣ። የጥንት ግብፃውያን በመቃብር ግድግዳ ላይ የሣሏቸው የደንገል ጀልባዎች ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ ነበር ወይ? ደንገሉ ከጣና ተገዝቶ፣ በቀይ ባሕር በኩል አልፎ፣ ጊዛ ፒራሚዶቹ አጠገብ ደረሰ። ከቻድ ሐይቅ የመጡ ጀልባ ሠሪዎች አሠሩት። በግብፆች የፀሐይ አምላክ ስም «ራ» ተባለ። ባለሙያዎች ግን ደንገል ባሕር ላይ ሁለት ሳምንትም አይቆይ ብለው ነበር።

ተሳፋሪዎቹ ሰባት ነበሩ፤ ከሰባት አገር። ከኖርዌዩ ሄየርዳል ሌላ፣ አሜሪካዊው ኖርማን ቤከር መርከበኛ፣ የሶቪየቱ ዩሪ ሰንኬቪች ሐኪም፣ ጣሊያናዊው ካርሎ ማውሪ ተራራ ወጪ፣ የሜክሲኮው ሳንቲያጎ ሄኖቬስ የሰው ዘር ተመራማሪ፣ ግብፃዊው ጆርጅ ሱርያል ጠላቂ ዋናተኛ፣ ቻዳዊው አብዱላሂ ጅብሪን ደግሞ የደንገል ነገር የሚያውቅ ሰው። ሁሉም የሚግባቡበት አንድ ቋንቋ እንኳ አልነበራቸውም። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ሚሳይል ደግነው በሚተያዩበት ዘመን የሁለቱ አገር ልጆች በፈቃዳቸው አንድ የሣር ነዶ ላይ ጎን ለጎን ተኙ። ተራ ገብተው ሌሊት ዘብ ቆሙ፣ ተራ ገብተው መሪ መቅዘፊያ ያዙ። የሰቀሉት ባንዲራም የተባበሩት መንግሥታትን ነበር።

ግንቦት 17 ቀን ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ተነሡ። ገና ከመነሻቸው መሪ መቅዘፊያዎቹ ተሰበሩ፤ ጠጋገኑና ቀጠሉ። ሁለት ሳምንቱ አለፈ፣ ወሩም አለፈ፣ ደንገሉ አልሰጠመም። የጎዳቸው ሌላ ነገር ነው። በጥንቱ ሥዕል ላይ፣ ቆልመም ካለው የጀልባው ጅራት ጫፍ ወደ ወለሉ የተወጠረ ገመድ ይታያል። እነ ሄየርዳል ጥቅሙ አልገባቸውምና ተዉት። ለካ ጅራቱን ቀና አድርጎ የሚይዘው እሱ ኖሯል! የኋላው ክፍል እየጎበጠ ሄደ፣ ማዕበል ገባ፣ ነዶው ተፈታ። ከ50 ቀናት በላይ ተጉዘው፣ ካሪቢያን ደሴቶች ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ጀልባዋን ጥለው በሌላ ጀልባ ዳኑ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ ግን አስተሳሰሩን ያወቀ እንደሆነ ነው።

ቁም ነገሩ ስሕተቱን አምነው መመለሳቸው ላይ ነው። በዓመቱ፣ ዳግመኛ በኢትዮጵያ ደንገል፣ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ጀልባ ሠሪዎች «ራ 2»ን ሠሩ። ጅብሪን ባይኖርም አንድ ሞሮኳዊና አንድ ጃፓናዊ ተጨምረው ስምንት ሆኑ። ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሳፊ ተነሥተው፣ በ57 ቀናት፣ ሐምሌ 5 ቀን ባርቤዶስ ገቡ። በመንገዳቸው ከማዕበሉ ይልቅ ያስደነገጣቸው በውቅያኖሱ መካከል የሚንሳፈፈው የዘይት ጓል ነበር፤ ይህንንም ለተባበሩት መንግሥታት አስታወቁ።

ታዲያ ግብፃውያን አሜሪካ ደርሰው ነበር ማለት ነው? አይደለም። መቻል ሌላ፣ መደረግ ሌላ ነው፤ አብዛኞቹ የታሪክ ሊቃውንትም ሄየርዳል ከዚህ ጉዞ ያወጣውን ግምት አይቀበሉትም። ጉዞው ያረጋገጠው ከዚያ ያነሰ፣ ለእኛ ግን የበለጠ ነገር ነው። የጣና፣ የቻድና የቲቲካካ ባላገር በእጁ ያቆየው ዕውቀት የባለሙያዎቹን ግምት አፈረሰ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለን። አላለቀም።

ኅዳር 1970 ዓ.ም. ሄየርዳል «ትግሪስ» በተባለች ሌላ የሸምበቆ ጀልባ ከኢራቅ ተነሣ። አሁን አሥራ አንድ ነበሩ፤ ቤከር፣ ሰንኬቪችና ማውሪም አብረውት ናቸው። የፋርስን ባሕረ ሰላጤ ወጥተው፣ ፓኪስታን ደርሰው፣ የሕንድን ውቅያኖስ ወደ አፍሪካ ቀንድ ተሻገሩ። ከአምስት ወር ያህል በኋላም ጀልባዋ ደኅና ነበረች። ወደ ቀይ ባሕር ሊዘልቁ ሲሉ ግን በር ሁሉ ተዘጋ። ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ ጦርነት ገና ጢሱ አልጠፋም፤ ኤርትራ ውስጥ ውጊያው ቀጥሏል፤ በወዲያ ማዶ የመኖችም በራቸውን አልከፈቱም።

ጅቡቲ ላይ ቆሙ። መጋቢት 25 ቀን 1970 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 3 ቀን 1978) ዕቃቸውን አወረዱና ጀልባቸውን በገዛ እጃቸው አቃጠሏት። በዙሪያቸው የሚነደውን ጦርነትና መሣሪያ እያቀበሉ የሚያነዱትን አገሮች በመቃወም ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ደብዳቤ ላኩ።

ይኼ የሆነው እኛ ሳንወለድ ነው፤ አባቶቻችን ግን ከዚያ እሳት በዚህም በዚያም ወገን ነበሩ። እንግዲህ እናስተያየው። በ1961 የጣና ሣር ያለ ችግር ያለፈበትን ባሕር፣ በ1970 በዚያው ሰው የምትመራ፣ ምንም ያልጎደላት ጀልባ ልትገባበት አልቻለችም። ባሕሩ ያው ባሕር ነው። ነፋሱም ያው ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የተለወጥነው በዳርቻው የምንኖረው ሰዎች ነን። የተፈታውን ገመድ የት እንደምንፈልገው ከዚህ ወዲያ የሚነግረን አያስፈልገንም።