የማስረጃ ናሙናና የአካባቢ ስም፤ የሥነ ሕይወት የመመረቂያ ጽሑፎች መመዘኛ ከከሚሴ ሲታይ

ስለ ዕፀዋት በሚቀርቡ የድኅረ ምረቃ ጽሑፎች መጨረሻ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሠንጠረዥ ይገኛል። በሠንጠረዡም ውስጥ የተክሉ ሳይንሳዊ ስም፣ የአካባቢ ስሙ፣ የሚሰጠው ጥቅምና የናሙናው ቁጥር ይሰፍራል። ከእነዚህ ዐምዶች ሳይንሳዊው ስም በጥብቅ ሲመረመር የአካባቢው ስም ግን ብዙውን ጊዜ ሳይጠየቅ ያልፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አለመመጣጠን እንዴት እንደ ተፈጠረ ማሳየትና ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች ምን ችግር እንደሚያስከትል ማመልከት ነው። ለማሳያም ከሚሴና በዙሪያዋ ያለው የአማራ ክልል የኦሮሚያ ዞን ተመርጧል።

እንደሚታወቀው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን የዶክትሬት ትምህርት በ1987 ተከትሎታል። የምዘናው ሥርዐት ከውጭ የተወረሰ ነው፤ ይኸውም አማካሪ፣ የውስጥ ፈታኝና የውጭ ፈታኝ በተገኙበት ዕጩው ሥራውን በቃል እንዲከላከል የሚያደርግ ነው። በዕፀዋት ጥናት ረገድ ለዚህ ሥርዐት ጽኑ መሠረት የሆነው ከስዊድን ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረውና የመጨረሻው መጽሐፍ በ2009 የወጣለት የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት ጥናት ነው። በዩኒቨርሲቲው የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየምም ከዚሁ ጋር ተጠናክሯል። ተማሪው የሰበሰበውን ተክል አድርቆ፣ ቦታውንና ቀኑን ጽፎ፣ ቁጥር ሰጥቶ ያስቀምጣል። ፈታኙ ቢጠራጠር፣ ከኻያ ዓመትም በኋላ የሚነሣ ተመራማሪ ቢጠራጠር፣ ወደ ናሙናው ተመልሶ ሊያጣራ ይችላል። የመመዘኛው እምብርት ይህ ነው፤ ማስረጃ ሊጎበኝ የሚችል መሆን አለበት።

የአካባቢው ስም ግን በዚህ ሕግ ሥር አልገባም። እ.ኤ.አ. በ1987 ለአራተኛ ጊዜ የታተመው የወልደ ሚካኤል ቀለቻ የኢትዮጵያ ዕፀዋት ስሞች መድበልም ሆነ አካዳሚው በ1989 ዓ.ም. ያወጣው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ትልቅ አገልግሎት ሰጥተዋል። ይሁን እንጂ ዕጩው ስሙን ከሰው አፍ ሰምቶ እንደ ጻፈው ወይም ከመጽሐፍ ገልብጦ እንዳስገባው የሚጠይቅ መመዘኛ እኔ ባየኋቸው ቅጾች አላጋጠመኝም።

ጉዳዩ በከሚሴ ይበልጥ ይጎላል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በቦርከና ሸለቆ ትገኛለች። በአቅራቢያዋ ያለው የጨፋ ረግረግ የሥነ ሕይወት ተመራማሪዎችን የሳበ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በውኃ ውስጥ ደቃቅ እንስሳቱና በወፎቹ መነሻነት የረግረጉን ጤንነት የመዘነ ጥናት ታትሟል። በዞኑ አፋን ኦሮሞና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ በሾንኬ አርጎብኛ አለ፤ በባቲ ገበያ በኩል ደግሞ የአፋር ቋንቋ ይሰማል። እንግዲህ በዚህ አገር «የአካባቢ ስም» የሚል ርእስ ብቻውን ቋንቋውን አይነግረንም።

ለምሳሌ ያህል ግራርን እንውሰድ። በአማርኛ ግራር የሚለው ስም ብዙ ዝርያዎችን ያቅፋል፤ በአፋን ኦሮሞ ላፍቶ የሚለውም እንዲሁ ሰፊ ነው። ዋጩ ግን አካሲያ ሰያል ለተባለው ዝርያ የሚሰጥ ስም ሲሆን በሁለቱም ቋንቋዎች ይሰማል። ስለዚህ ሠንጠረዡ «ግራር» ሲል የትኛውን እንደሆነ፣ «ዋጩ» ሲል ደግሞ የማን ቃል እንደሆነ አንባቢው አያውቅም።

የአጻጻፉም ነገር ሌላ ችግር አለው። አፋን ኦሮሞ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የሚጻፈው በቁቤ ነው። ኮሶ በአፋን ኦሮሞ ሄጦ ይባላል። በቁቤ ለ«ጥ» ድምፅ የተመደበው የላቲን ፊደል ግን በእንግሊዝኛ «ክስ» ተብሎ ስለሚነበብ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ሄጦን «ሄክሶ» ሊያደርገው ይችላል። በግእዝ ፊደል የሚጽፈው ደግሞ የአናባቢውን ርዝመትና የተነባቢውን ጥብቀት ያጣል። ሁለቱም ጸሐፊዎች በቅን ልቡና ሠርተው ሁለት የተለያዩ ስሕተቶችን ያወርሳሉ።

ከዓመታት በፊት በአንድ የመመረቂያ ፈተና ላይ በቋንቋ ረገድ አስተያየት እንድሰጥ ተጠርቼ ነበር። ዕጩው ስለ ናሙናዎቹ ሲጠየቅ ቁጥራቸውን ሳያመነታ አስረዳ። እኔ አንዱን ስም ጠቅሼ «ይህን ማን ነገረህ? በየትኛው ቋንቋ?» ብዬ ስጠይቀው ግን ዝም አለ። ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም፤ ይህን እንዲመዘግብ ያዘዘው ማንም አልነበረም። ጽሑፉም በከፍተኛ ማዕረግ አለፈ።

«ሳይንሳዊው ስም እስካለ ድረስ የአካባቢው ስም ጌጥ ነው» የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ታሪክ ግን ይህን አይደግፍም። እ.ኤ.አ. በ2005 በቪየና የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የዕፀዋት ሊቃውንት ጉባኤ አካሲያ የሚለው የወገን ስም ከአውስትራሊያ ዝርያዎች ጋር እንዲቀር ወሰነ፤ ውሳኔውም በ2011 በሜልቦርን ጸና። በዚህም መሠረት የአፍሪቃ ግራሮች ቫቼሊያና ሴኔጋሊያ ወደተባሉ ወገኖች ተዛወሩ። አካሲያ ሰያል ቫቼሊያ ሰያል ሲባል ዋጩ ግን ዋጩ እንደሆነ ቀረ። ስሙ በጥንቃቄ ተመዝግቦ ከናሙናው ጋር ቢታሰር ኖሮ ከላቲኑ ያላነሰ መታመኛ በሆነ ነበር።

ከዚህም የሚከብድ ነገር አለ። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ የእንዶድን የቀንድ አውጣ ገዳይነት የተገነዘቡት ሴቶች ልብስ በእንዶድ በሚያጥቡበት ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው። የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ለመግታት የሚያገለግለው ግኝት መነሻው የአጣቢዎቹ ዕውቀት ነበር፤ ተክሉም በዓለም የሳይንስ ጽሑፎች እንዶድ ተብሎ ታወቀ። ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቡ በዕውቀቱ ላይ መብት እንዳለው ደንግጓል። ታዲያ ዕውቀቱ የማን እንደሆነ ከሚያመለክቱ ምስክሮች አንዱ ስሙ ነው። «የአካባቢ ስም» ተብሎ ያለ ቋንቋና ያለ ተናጋሪ የተጻፈ ቃል ግን ለማንም አይመሰክርም።

ስለዚህ ለሳይንሳዊው ስም የሚጠየቀው ለአካባቢውም ስም ቢጠየቅ አግባብ ነው። ስሙ የየትኛው ቋንቋና የየትኛው ቀበሌ አነጋገር ነው? ተናጋሪው በዕድሜና በሙያ ምን ዓይነት ሰው ነው? በየትኛው የአጻጻፍ ሥርዐት ተጻፈ? ከየትኛው ናሙና ቁጥር ጋር ተያያዘ? አራቱም ጥያቄዎች በሠንጠረዡ ላይ ጥቂት ዐምዶችን ከመጨመር ያለፈ ወጪ አይጠይቁም። ፈታኞች ይህን ከጠየቁ፣ በየዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ የሚከማቹት ጽሑፎች ለዕፀዋት ሊቅ ብቻ ሳይሆን ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅም የሚታመን ምንጭ ይሆናሉ።