በተተካ ጉልበት ላይ የሚከሰት ኢንፌክሽን እንዴት ይለያል?

በሳሪስ አቦም ሆነ በሌላ አካባቢ የሚኖር፣ ጉልበቱ በአገር ውስጥ ወይም በውጭ አገር በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ የተተካለት ሰው ሕመሙ ካገረሸበት ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። ከዚያ በፊት ግን መንስኤው የመገጣጠሚያው መላላት ወይስ ኢንፌክሽን መሆኑ መለየት አለበት፤ ኢንፌክሽኑ ሳይታወቅ ከቀረ አዲሱም መገጣጠሚያ ሊበከል ይችላልና።

ትኩሳት አለመኖሩ ኢንፌክሽን የለም ማለት አይደለም። ሐኪሙ በቅድሚያ ኢኤስአር እና ሲአርፒ የተባሉ የደም ምርመራዎችን ያዝዛል፤ ሆኖም ውጤታቸው በሌሎች ሕመሞችም ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ ከጉልበቱ ፈሳሽ በመርፌ ይቀዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት መሠረት፣ ሥር በሰደደ ሁኔታ በአንድ ማይክሮሊትር ፈሳሽ ውስጥ ከ3,000 በላይ ነጭ የደም ሴል መገኘቱ ከጠቋሚ ምልክቶች አንዱ ነው። ከመገጣጠሚያው እስከ ቆዳ የዘለቀ የፈሳሽ መውጫ ቀዳዳ፣ ወይም በሁለት ናሙናዎች ካልቸር የተገኘ አንድ ዓይነት ተህዋስ ግን ኢንፌክሽኑን ያረጋግጣል። በቀዶ ሕክምናው ወቅትም ከተለያዩ ቦታዎች የሥጋ ናሙናዎች ይወሰዳሉ፤ የካልቸሩ ክትትል እስከ 14 ቀን ሊዘልቅ ይችላል።

ናሙና ሳይሰጡ አንቲባዮቲክ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መዋጥ ሕመሙን ሳያድን ተህዋሱን ከምርመራ ሊሰውር ይችላል። በሐኪም የታዘዘም ከሆነ፣ የሕመምተኛው ሁኔታ ከፈቀደ፣ ከናሙናው ቢያንስ 2 ሳምንት በፊት እንዲቆም ይደረጋል፤ ይህንን የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው። ጉልበቱ በድንገት አብጦ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከታየ ሳይዘገዩ፣ የቀድሞውን የሕክምና ማስረጃ ይዘው ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።